የእማዬ ነጠላ ጥለት፣ የፎቶ ፍሬም

የእህቴ መልስ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ፎቶዎቹ ግን ገና ስልኬ ውስጥ ነበሩ። እማዬ ጠዋት ማታ "ፎቶው የታለ?" ትለኝ ነበር። ከዘጌ በጀልባ የመጡት አክስቴ፣ ከአዴትና ከዳንግላ የመጡት ዘመዶቻችን የሚጠብቁት በቴሌግራም የሚላክ ምስል አልነበረም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ ወረቀት ነበር። እማዬ ደግሞ ፎቶ እንዲሁ ባዶውን ሲሰጥ አትወድም። "ዳር ዳሩ ካላማረ ምኑን ፎቶ ሆነ?" ባይ ናት። ለ60 ፎቶ የመስታወት ፍሬም መግዛት አቅሜ አልፈቀደም። ስለዚህ ፍሬሙን እዚያው ፎቶው ላይ በኮምፒውተር ልሠራው ተነሳሁ።

የተጠቀምኩት ጊምፕን ነው። በነፃ የሚገኝ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው፤ አሮጌዋ ላፕቶፔም ትችለዋለች። ፎቶሾፕ ያላችሁም በዚሁ መንገድ መሥራት ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ሌየር፣ ማለትም ምስልን በምስል ላይ መደረብ ነው። ፎቶው ከታች ይቀመጣል፣ ፍሬሙ መሃሉ ባዶ ሆኖ ከላይ ይነጠፍበታል።

መጀመሪያ ከኢንተርኔት የተዘጋጀ ፍሬም አወረድኩ። ቀይ ጽጌረዳ፣ ወርቃማ ጠርዝ፣ ከላይ ሁለት ርግብ። ስክሪን ላይ አምሮኝ ነበር። 10 ፎቶ አስገብቼ አሳተምኩ። ወጥቶ ሳየው ልቤ ስብር አለ።

ወርቁ ሰናፍጭ መስሏል። ስክሪን ላይ ወርቅ የሚመስለው ቢጫና ቡናማው ስለሚያበራ ነው። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ጠርዙ ደግሞ በቀኝ ወፍሮ በግራ ጠፍቷል። ማተሚያው ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር ለመሙላት ምስሉን ትንሽ ስለሚያሰፋው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከዳር ይበላል። ፎቶ ብቻውን ሲሆን ማንም አያስተውለውም። ዳሩ ላይ ቀጭን መስመር ሲኖር ግን ወዲያው ያስታውቃል። ከሁሉ የከፋኝ የአጎቴ ነገር ነው። ጣና ዳር በተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ ላይ ግማሽ ፊታቸው ጽጌረዳ ስር ገብቷል።

ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ስልኬ የሚያነሳው 4 ለ3 ነው፤ 4000 በ3000 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች)። ፎቶ ቤቱ የሚያትምበት የ10 በ15 ሴንቲሜትር ወረቀት ግን 3 ለ2 ነው። ይህ ልዩነት ብቻውን ከላይና ከታች በድምሩ 333 ፒክስል ያስቆርጣል። በዚያ ላይ ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር ፍሬም ሲጨመር መሃሉ 8 በ13 ይሆናል፤ ይባስ ይረዝማል። ከ3000ው ከ500 በላይ ሊቆረጥ ነው። ዘመድ አዝማድ ተደራርቦ በተነሳው ፎቶ ላይ ይህ ማለት ወይ የኋለኞቹ ጭንቅላት ወይ ፊት የተቀመጡት ልጆች ነው።

የሰው ፍሬም በቃኝ አልኩ። እማዬ በመልሱ ቀን የለበሰችው ነጠላ አልጋው ላይ ታጥፎ ነበር። ጥለቱ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነው፣ መሃል ለመሃል ቀይ ክር ያልፍበታል። ፎቶዎቹ ላይም እሱኑ ለብሳ፣ ከኋላዋ ሐይቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ምን ፍሬም አለ?

ጥለቱን ፎቶ ማንሳት ቀላል መስሎኝ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ቀን ማታ በፍላሽ አነሳሁት፤ ክሩ አብረቀረቀ፣ ነጩ ጠፋ። በማግስቱ ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ ዘረጋሁት። ፀሐዩ እያንዳንዱን ክር ጥላ አስጣለው፣ የታጠፈበትም መስመር ሁሉ ወጣ። በሦስተኛው ቀን በደንብ ተኩሼው፣ ጠዋት በረንዳ ላይ ጥላ ቦታ ጠረጴዛ ላይ አነጠፍኩት። ከሥሩ ነጭ አንሶላ አደረግሁ። ነጠላ ስስ ነው፤ አንሶላው ባይኖር የጠረጴዛው ቡናማ ቀለም ያልፍ ነበር። ስልክ በጣም ሲቀርብ ቀጥ ያለውን መስመር ያጎብጠዋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ራቅ ብዬ፣ በዙም አቅርቤ፣ ልክ ከላይ ወደ ታች አነሳሁት። በጥላ ስለተነሳ ነጩ ወደ ሰማያዊ አድልቶ ነበር። ጊምፕ ውስጥ ሌቭልስ የሚባለውን የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ከፍቼ፣ በነጩ መምረጫ ጨርቁን ነካ ሳደርገው ተስተካከለ።

ቀጥሎ መደጋገም ነው። ጥለት ራሱን ይደግማል። ሸማኔው የቆጠረውን እኔም ቆጠርኩ። ከአንዱ ባለ አራት ማዕዘን ጥልፍ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ ድረስ ቆርጬ አንድ ቁራጭ አወጣሁ። ለሕትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታሰብ 10 ሴንቲሜትር 1181 ፒክስል ነው። ቁራጩን 236 ፒክስል አድርጌ አምስት ጊዜ ስደረድረው 1180 መጣ። የቀረችው አንዷ ፒክስል ማተሚያው ከሚበላው ውስጥ ትገባለች።

ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ተያዝኩ። አናጢ የመስኮት ክፈፍ ሲያጋጥም እንደሚያደርገው በ45 ዲግሪ ቆርጬ ሁለቱን ገጠምኩ። ጥልፉ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሄደ። አንድ ሙሉ ምሽት ታገልኩት። እማዬ ቡና ይዛልኝ ገባች። ስክሪኑን ቆማ አየችውና "ልጄ፣ ነጠላ ዙሪያውን ጥለት አለው እንዴ?" አለችኝ።

የለውም። ጥለቱ ያለው ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጎንና ጎኑ ነጭ ነው።

ማዕዘኑን ሁሉ አጠፋሁት። ጥለቱን በግራና በቀኝ ብቻ አስቀርቼ፣ ከላይና ከታች 6 ሚሊሜትር ነጭ ተውኩ። ለፎቶው 8.8 ሴንቲሜትር ቁመት ቀረለት። በ4 ለ3 ሲሰላ ወርዱ 11.7 ነው። በየጎኑ ከ1.6 ሴንቲሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ተረፈ። 4 ሚሊሜትሩን ለነጩ ጠርዝ፣ የቀረውን ለጥለቱ ሰጠሁት። ከፎቶው አንድም ፒክስል አልተቆረጠም። አጎቴም ፊታቸው ሙሉ ወጣ። ማተሚያው ከዳር ቢበላም የሚበላው ነጩን ነው። ስልኩን አቁሜ ላነሳኋቸው ፎቶዎች ደግሞ ጥለቱን ከላይና ከታች አደረግሁት።

ጥቂት ነገር ላክል። ፍሬሙን መጀመሪያ ጄፔግ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነበር ያስቀመጥኩት። ጄፔግ ባዶ ቦታ አያውቅም፤ ፎቶው የሚታይበትን መሃሉን በነጭ ሞላብኝ። መሃሉ ባዶ ሆኖ እንዲቆይ ፒኤንጂ ነው የሚያስፈልገው። ሌየሮቹን የያዘውን ዋናውንም በጊምፕ በራሱ ፎርማት አስቀምጡት፤ ነገ ማስተካከል ሲያምራችሁ ያስፈልጋችኋል። ሌላው፣ 60ውን ከማሳተሜ በፊት አንድ ብቻ አሳተምኩ። ጥለቱ ከሙሽራዋ ፊት ቀድሞ ዓይን ይስባል። የቀለሙን ድምቀት ሩብ ያህል ቀነስኩት። ሁለተኛው ሙከራ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የእህቴ ሳቅ ሆነ። ለፎቶ ቤቱ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው የላክሁት፤ አለበለዚያ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።

አክስቴ የደረሳቸውን ፎቶ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት። "ይሄ የእናትሽ ነጠላ አይደለም?" አሉኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ የአያቴን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። አያቴ ደንገል ታንኳ አጠገብ ቆመዋል። "ለሱም እንደዚሁ አድርጊለት" አሉ።

ሞከርኩት። ሰማያዊው ጥለት ግራጫውን ፎቶ ዋጠው። የጥለቱን ቀለም አውጥቼ ግራጫ ሳደርገው ጥልፉና ክሩ ብቻ ቀረ። እሱ ተስማማው። ነጩን ግን ትንሽ ወደ ክሬም መለስኩት፤ የድሮው ወረቀት ራሱ ክሬም ስለሆነ አዲሱ ንጣት አሮጌ ያስመስለው ነበር። አሁን አንዱን ለሙከራ አሳትሜ፣ አክስቴ ለቅዳሜ ገበያ ሲሻገሩ እንዲያዩት አስቀምጬዋለሁ።