በ2.7 ነጥብ የተከፈተ በር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለግሼኗ እመቤቴ መስከረም 21 በንግሥዋ ቀን ተስዬ ነበር። «ከሰማሽኝ በአደባባይ እመሰክራለሁ» ብዬ። ሰምታኛለችና ልመስክር።

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቤተሰቤ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ተመልሰን ትምህርት ስንጀምር እኔ ደብተር ይዤ እቀመጥ ነበር እንጂ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 2.7 ላይ ቆመ። ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ትራንስፈር ማድረግ፣ ማለትም የጀመርኩትን ትምህርት እዚያ መቀጠል እፈልጋለሁ ስል የሰማ ሁሉ ፈገግ ይላል።

ጸሎቴ «ውጤቴን 3.5 አድርጊልኝ» የሚል ነበር። በሒሳብ እንኳ የማይሆን ነገር! እመቤቴ ግን ቁጥሩን አልነካችውም። ሰው ላከችልኝ።

የመጀመሪያዋ በሰንበት ትምህርት ቤት የምትቀድመኝ እህቴ ናት፤ በዚሁ መንገድ ያለፈች። «ቁጥሩን ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ አካሄዱንም ያያሉ» አለችኝ። ትራንስክሪፕቴን (የውጤት ማስረጃዬን) ዘርግታ የኋላ ሴሚስተሮቼ ከፊተኞቹ እንደሚሻሉ በእርሳስ አሰመረችልኝ። በተለይ ሒሳብና ፍሉይድ ሜካኒክስ። ድርሰቱን ደግሞ «ስለ ጦርነቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ለምን እነሱ ጋ መማር እንደፈለግሽ ንገሪያቸው» አለች። እውነቷን ነው፤ አንባቢው ሊያዝንልኝ ሳይሆን ሊቀበለኝ ነው የተቀመጠው። የምፈልገው የአካባቢ ምህንድስና ነው፤ የኮሌጁን ኮርሶች እየጠራሁ ጻፍኩ።

ለድጋፍ ደብዳቤ ትልቅ ማዕረግ ያለው ሰው ፈልጊ ያሉኝ ነበሩ። እኔ የጠየቅኩት የላብራቶሪ መምህሬን ነው። ከቦርከና ወንዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ እየቀዳሁ፣ የቀዳሁበትን ቦታና ሰዓት በፕላስተር ላይ እየጻፍኩ ስለፋ ያየኝ እሱ ነው። ስለ ጎበዝነቴ አይደለም የጻፈው፤ ስለዚያ ጠርሙስ ነው የጻፈው።

የማመልከቻ ክፍያ ዶላር ከየት ይምጣ? እንዲተውልኝ በኢሜይል ጠየቅኩ፣ የተወሰኑት ተዉልኝ። ክሬዲቴን (እዚህ የተማርኳቸውን ኮርሶች) ለመቁጠር የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ስለሚጠይቁ እሱንም ማኅተም አስመትቼ አዘጋጀሁ። (የማኅተሙ ታሪክ ራሱን የቻለ ምስክርነት ይወጣዋል፣ ልተወው።)

ተአምሩ ያለው የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ነው። ቤት ሆነህ በኮምፒውተር የምትፈተነው ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ካሜራው ያይሃል፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መኖር የለበትም። የዚያን ቀን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ላፕቶፔን አቅፌ እያለቀስኩ ስወጣ ኡሚ ፋጡማ የምንላት የእናቴ ወዳጅ አገኘችኝ። ሰኞ ገበያ ያለው ሱቋ መብራት ነበረው። የጓሮውን ክፍል ከፈተችልኝ፣ ራሷ በርጩማ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ሲመጣ በእጇ እየመለሰች «ልጄ ፈተና ላይ ናት!» ትል ነበር በሹክሹክታ። ገበያዋን ዘግታ ማለት ነው። ልጀምር ስል «አላህ ያግራልሽ» አለችኝ፣ እኔም በልቤ እመቤቴን ጠራሁ። የመጨረሻውን መልስ ልኬ «ተጠናቋል» የሚለውን እንዳየሁ መብራቱ ድርግም! ኡሚ «አልሐምዱሊላህ» ስትል እኔ እልል አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሳይቀበሉ የመለሱኝ ኮሌጆች ነበሩ። አንዱ ግን ተቀበለኝ፣ የትምህርት ክፍያውንም አብዛኛውን ሸፈነልኝ፣ ከኮርሶቼም ብዙዎቹን ቆጠረልኝ። ቀሪውን አክስቴ ልትችለው ቃል ገባች። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የኮሌጁ ወረቀት፣ አይ ትወንቲው (I-20)፣ መጥቷል። የደብዳቤውን ዜና መጀመሪያ የሰማችው ኡሚ ናት፣ ቡና አፍልታ ሰፈሩን ጠራች።

አሁን የቀረኝ አዲስ አበባ ኤምባሲ የቪዛ ቃለ መጠይቅ ነው። በጸሎታችሁ «ወለተ ማርያም» ብላችሁ አስቡኝ።