ቸኮሌትም እርሾ አለው

ዘንድሮ ተሳካልኝ! ሦስት ዓመት የታገልኩለት የጣፋጭ ትሪ በፍቅረኞች ቀን፣ የካቲት 7 ማታ፣ ጠረጴዛችን ላይ አምሮ ቀረበ። ቸኮሌቱ ወዝ አለው። ሲነከስ ቀጭ ይላል። ጣት ላይ አይለጠፍም። እዚህ ለመድረስ ስንት ቸኮሌት እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስለዚህ ደስታዬን ብቻዬን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ የሚሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ማታ ይወጣል። መንገዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም ጉም የወረደ ቀን ወይም መኪና የጠፋ ቀን በጣም ያመሻል። የፍቅረኞች ቀን መጣ ብዬ የደከመ ሰው ይዤ ፒያሳ ካፌ ለካፌ ከምዞር፣ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቡናው እየተቆላ የእጄን ነገር ቢቀምስ ይሻላል ብዬ ነው በ2016 የጀመርኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት በአጭሩ ልለፈው። ቀኑ ረቡዕ ስለዋለ ጾም ነበር። የጾም ብስኩት፣ ፓፓያ፣ ሙዝ፣ ለውዝ ደረደርኩ። ሙዙን ከሰዓት ቆራርጬ ስላስቀመጥኩት እስኪመሽ ጠቆረ። ቸኮሌቱን በቀጥታ እሳት ላይ ጥጄ አሳረርኩት። በዚያ ላይ የተረፈውን አሳምሬ ፎቶ ላንሳ ብዬ ባለቤቴን አንድ ሰዓት ሙሉ አስጠበቅኩት። ቡናው ቀዘቀዘ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሰዓት እንጂ ያረረው ቸኮሌት አይደለም። አሁን ፎቶ አንድ ብቻ ነው የማነሳው፣ እሱንም ባለቤቴ ከመምጣቱ በፊት።

በ2017 አደራደሩ ገባኝ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጣውላ መግዛት አያስፈልግም፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። እኔ የምጠቀመው እናቴ የሰፋችውን ሰፌድ ነው። ጠርዝ ስላለው ምንም ነገር ተንከባሎ አይወድቅም፣ ቀለሙ ራሱ ጌጥ ነው። ላዩ ላይ የኬክ ወረቀት አነጥፋለሁ። መጀመሪያ ሲኒዎቹን አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ሲኒ ማር፣ ሌላው የቸኮሌት ማጥቀሻ ይይዛል። ቀጥሎ ትልልቁን፣ በመጨረሻ በየክፍተቱ ለውዝና ዘቢብ። እርጥብ ነገር ከደረቅ ነገር ጋር አይነካካ። ብርቱካን አጠገብ የተቀመጠ ሙሸበክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይልፈሰፈሳል፣ አይቼዋለሁ።

ደግሞ ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ምግብ ላይ አትበትኑ። ለእቅፍ አበባ የሚመረት ጽጌረዳ ለመበላት ታስቦ አይደለም የሚመረተው፣ መድኃኒት ይረጭበታል። አበባው ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ይቁም። እኔ ወለሉን ቄጠማ እጎዘጉዛለሁ፣ አሪቲ አደርጋለሁ፣ ቤቱ በዚያ ይበቃዋል። ሁሉ ነገር ቀይ ካልሆነ የሚለውም አይገባኝም። የቴምር ቡናማ፣ የፓፓያ ብርቱካናማ፣ የማር ወርቃማ እያለ ቀይ የምግብ ቀለም ምን ያደርጋል?

እንግዲህ ወደ ቸኮሌቱ ልምጣ። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

የትሪዬ ዋና ነገር ቴምር ነው። ፍሬው ወጥቶለት፣ ውስጡ የተቆላ ለውዝ ገብቶበት፣ ቸኮሌት ውስጥ የተነከረ ቴምር። ከአቦል ጋር ሲቀርብ ሌላ ነገር አያስመኝም። ችግሩ ግን መንከሩ ላይ ነው።

በ2017 ቀኑ ዓርብ ነበር፣ እንደገና ጾም፤ ስለዚህ ወተት የሌለበትን ጥቁር ቸኮሌት ገዛሁ። ካለፈው ተምሬ በእንፋሎት ማቅለጥ ጀመርኩ፤ ድስት ውስጥ ውሃ፣ ከላይ ጎድጓዳ ሳህን። በደንብ ቀለጠ። ቴምሩን አጥቤው ነበር፣ በደንብ አልደረቀም። ሦስተኛውን ነክሬ ሳወጣ ቸኮሌቱ በአንዴ ጓጎለ። እያየሁት እንደ ጭቃ ሆነ። ይባስ ብዬ እሳቱን ጨመርኩበት፣ የበለጠ ተኮማተረ። ባለቤቴ ደውሎ "ደሴ ገባሁ" ሲለኝ ድስቱ ላይ አቀርቅሬ እያለቀስኩ ነበር።

ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ቸኮሌት ማለት የደቀቀ ካካዎና ስኳር በቅባት ውስጥ ተበትኖ ነው። ጠብታ ውሃ ሲገባበት ስኳሩ ይርሳል፣ የራሰው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ልክ እንደ በሶ ነው። በሶ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ስታደርጉ ጭብጦ ይሆናል፤ ውሃው ሲበዛ ደግሞ የሚጠጣ ይሆናል። ቸኮሌትም እንደዚያው። ስለዚህ የጓጎለ ቸኮሌት አይጣልም! ለመንከሪያ ባይሆንም ትኩስ ውሃ ወይም ትኩስ ወተት በሾርባ ማንኪያ አንድ አንድ እያላችሁ ጨምሩበትና በደንብ ምቱት። ይፈታል። ለስላሳ ማጥቀሻ ይወጣዋል። ያን ዕለት ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ አልጥለውም ነበር። ዘንድሮ ሲኒ ውስጥ ያደረግኩትን ማጥቀሻ አውቄ በዚሁ መንገድ ነው የሠራሁት፣ በወተት።

ከዚያ በኋላ ቴምር አላጥብም። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ ሌሊቱን ክፍት አሳድረዋለሁ። ሳህኑ፣ ማንኪያው፣ እጄ ሁሉ ደረቅ ነው። ሳህኑ ውሃውን እንዳይነካ፣ እሳቱ ደግሞ ውሃው እንደሞቀ እንዲጠፋ አደርጋለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ቢሆንም ያ ራሱ ለቸኮሌት ብዙ ነው። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 ዲግሪ ባያልፍ ይመረጣል።

መጓጎሉ በዚህ ተፈታ። ሁለተኛው ችግር ግን የባሰ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ አንድ ሳጥን ሠራሁላት። ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር። እሷ ጋ ደርሶ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ላዩ ነጭ በነጭ ሆነ። እህቴ ደውላ "እቴ፣ ሻግቷል መሰለኝ፣ ልጣለው?" አለችኝ። ሻጋታ አልነበረም። የካካዎው ቅቤ፣ ማለትም የቸኮሌቱ የራሱ ቅባት፣ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ይበላል፣ ጤናም አይነካም፣ ግን ወዙ ጠፍቷል፣ ሲነከስም እንደ አፈር ይፈረፈራል። በስጦታ ለሰው የላክሁት ነገር እንዲህ ሲሆን በጣም ከፋኝ። እዚህ ብርድ ላይ ሆኜ ቸኮሌቱ ስለጠነከረልኝ ብቻ የተሳካልኝ መስሎኝ ነበር። ኮምቦልቻ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሙቅ አገር ነው፤ የሥራዬን ጉድለት ያወጣው እሱ ነው።

ከዚያ መልስ ብዙ ሞከርኩ። ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩ፤ ሳወጣው አላበው፣ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ስኳሩ ላዩ ላይ ሻካራ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዘይት ጨመርኩ፤ አብረቀረቀ፣ ግን ጣት ላይ ይቀልጣል። ዘይት ጨምሩ የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እኔ አልስማማም። ያ ቸኮሌቱን ማለሳለስ እንጂ ማስተካከል አይደለም።

በታኅሣሥ አንድ ኬክ ቤት ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ጋ ቡና ስንጠጣ ነገርኳት። "ሁሉንም ነው እንዴ የምታቀልጪው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "አታቅልጪው፣ ከፊሉን አስቀሪ" አለች። ይህቺ አንዲት ቃል ናት ዓመት ሙሉ ያጣኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ በስድስት ዓይነት መንገድ ሊረጋ ይችላል። ከስድስቱ የምንፈልገው አንዱን ነው፣ አምስተኛው የሚባለውን፣ ወዙንና ቀጭ ማለቱን የሚያመጣውን። የተገዛው ቸኮሌት ፋብሪካው ላይ በዚያ መልክ ረግቶ ነው የሚመጣው። ሙሉ በሙሉ ስናቀልጠው መልኩ ይጠፋል፣ መልሶ ሲረጋም እንዳገኘው ይረጋል። ከፊሉን ሳናቀልጥ አስቀርተን ኋላ ስንጨምርበት ግን ያልቀለጠው ለቀለጠው መንገዱን ያሳየዋል። ጓደኛዬ ይህን ስታስረዳኝ "ይሄማ እርሾ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ከትላንቱ ሊጥ አስቀርተን ለዛሬው እንደምንጥለው፣ በእርጎ ወተት እንደምናረጋው። ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራ ስጋግር የማውቀው ነገር ነው፣ ቸኮሌት ላይ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የምሠራው በዚህ ልክ ነው። 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት እወስዳለሁ። ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ፤ የካካዎ ቅቤ የሚል ከሌለውና በምትኩ የአትክልት ቅባት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፣ ቀልጦ በራሱ ይረጋል፣ ጣዕሙ ግን እንደ ሻማ ነው፤ እኔ አልገዛውም። ከ200ው 140ውን ቆራርጬ በእንፋሎት አቀልጣለሁ። 60ውን በቢላዋ አድቅቄ አስቀምጣለሁ፣ ይሄ እርሾዬ ነው። የቀለጠውን ከእሳት አውርጄ፣ የሳህኑን ሥር በደረቅ ፎጣ ጠርጌ፣ እርሾውን በሦስት ዙር እጨምራለሁ። አማስላለሁ። አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፣ ክንድ ይዝላል፣ ግን አማስሉ።

መድረሱ በምን ይታወቃል? ጥቁር ቸኮሌት ለመንከሪያ የሚሆነው 31 ወይም 32 ዲግሪ ሲሆን ነው። ቴርሞሜትር የለኝም። በጣቴ ትንሽ ነክቼ ከከንፈሬ ሥር አደርጋለሁ። የሰውነታችን ሙቀት 37 ገደማ ስለሆነ የደረሰ ቸኮሌት ቀዝቀዝ ይላል። ሞቅ ካለኝ ገና ነው፣ ማማሰሌን እቀጥላለሁ። ከዚያ የቢላዋ ጫፍ እነክርና መስኮት አጠገብ አስቀምጣለሁ። በአምስት ደቂቃ አካባቢ ወዝ ይዞ ከጠነከረ ቴምሩን መንከር እጀምራለሁ። ካልሆነ ትንሽ እርሾ እጨምራለሁ። የተነከረው የኬክ ወረቀት ላይ ሆኖ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይረጋል። የየካቲት ብርዳችን ከበቂ በላይ ነው፣ ፍሪጅ አያስፈልግም።

ዘንድሮ ቀኑ ቅዳሜ ዋለ። ሰኞ የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ሊገባ፣ ረመዳንም ቀናት ሲቀሩት። ገበያው በቴምር ተሞልቶ ነበር፣ እንደ ልቤ መርጬ ገዛሁ። ቅበላም ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር ሠራሁ፤ በቅቤ የተጋገረ ኩኪስ፣ የወተቱ ማጥቀሻ። ባቅላባ ከገበያ አመጣሁ፣ እሱን መሥራት አልችልም። የስኳር ካራሜልም ገና አልተፈታልኝም፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአዘገጃጀቱ ዲግሪ በ8 ገደማ መቀነስ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን ያለ ቴርሞሜትር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እያንጠባጠብኩ፣ አንዴ ድንጋይ አንዴ ሽሮፕ ይሆንብኛል። ስለእሱ ምክር የሚሰጠኝ ካለ እቀበላለሁ። ሙዙን በሎሚ አሽቼው አልጠቆረም፣ ቢሆንም ጣዕሙን አልወደድኩትም፤ ሊቀርብ ሲል መቁረጥ ይሻላል።

ባለቤቴ ገብቶ ሰፌዱን ሲያይ ዝም አለ። ቁጭ ብሎ አንድ ቴምር አነሳ። ቀጭ የሚለውን ድምፅ እኔም ሰማሁት። "ይሄ ከየት ተገዛ?" አለኝ። ከዚህ በላይ ደስ ያለኝ ንግግር አላስታውስም። እስከ ሦስተኛ ቡና ተቀመጥን።

ወተት የሌለባቸው ቴምሮች ስለተረፉ ሰኞ ጠዋት በሳጥን አድርጌ ሰጠሁት። እንዲበላው ብቻ አልነበረም፤ ኮምቦልቻ ላይ ምን እንደሚሆን ማየት ፈልጌ ነው። የሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ቀን አብሮት ለሚሠራ ጓደኛው ለማፍጠሪያ ብሎ ሳጥኑን እንዳለ ሰጠው። ማታ ባለቤቴ ገና በር ላይ ሆኖ "ነጭ አልሆነም፣ ከፍቼ አይቼዋለሁ" አለኝ።

በማግሥቱ የጓደኛው ሚስት ደወለችልኝ። "እህቴ፣ ምን ቀብተሽው ነው እንዲህ የሚያበራው?" አለች። ምንም አልቀባሁትም አልኳት። እርሾ ስላት አልገባትም፣ በስልክ ላስረዳት ብሞክር አልሆነም። ስለዚህ እሁድ እወርዳለሁ። ኮምቦልቻ ከሰዓት ስለሚሞቅ በጠዋት ነው የምንጀምረው፤ 60 ግራሙን ከዚሁ አድቅቄ ይዤላት እሄዳለሁ።