ከማሽኑ በፊት ቆጣሪ

የምሠራው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማቅለሚያ ክፍሉ ሌት ተቀን እንፋሎት ይበላል። ቦይለሩ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ያ ሁሉ የጋለ የቀለም ውሃ ደግሞ ከነትኩሳቱ ወደ ማጣሪያው ይወርዳል። ያንን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር።

መላ ሳፈላልግ የአየር ንብረት ቴክኖሎጂ ማዕከልና ኔትወርክ የሚባለውን አገኘሁ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2010 ካንኩን ላይ የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ነው። ለታዳጊ አገሮች የባለሙያ ድጋፍ በነፃ ይሰጣል፤ ለአንድ ጥያቄ እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ። ማሽን ግን ገዝቶ አይሰጥም። እኔ ይህን ሳላጣራ የጻፍኩት ማመልከቻ ከላይ እስከ ታች የማሽን ዝርዝር ነበር።

ጥያቄው የሚላከው አገሪቱ በወከለችው ተቋም በኩል ነው። እዚያ ያገኘኋት ባለሙያ ወረቀቱን አገላብጣ፣ "በቀን ስንት ቶን እንፋሎት ትጠቀማላችሁ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቆጣሪ ተውሰን ገጠምን። ሦስት ወር በየፈረቃው መዘገብን። ብዙ ስቲም ትራፖች ተከፍተው ቀርተዋል። የትራፕ ሥራው ቀዝቅዞ ውሃ የሆነውን አሳልፎ እንፋሎቱን ማስቀረት ነው፤ ተከፍቶ ሲቀር እንፋሎቱ በመመለሻው ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ ይሸሻል፣ በዓይን አይታይም። እነሱን የቀየርነው በራሳችን መካኒኮች ነው። የውጭ ባለሙያ ገና አልመጣም፣ የነዳጁ ወጪ ግን መቀነስ ጀምሮ ነበር!

ሁለተኛው ማመልከቻ በቁጥር የተሞላ ስለነበር አለፈ። የመጡት ባለሙያዎች ከሚፈሰው ውሃ ሙቀቱን የሚመልስ ሂት ኤክስቼንጀር ነደፉ። ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ከማቅለሚያ ክፍል አንድ ነባር ሠራተኛ ጠጋ ብለው፣ "ይሄ ሳምንት ሳይሞላው ይደፈናል" አሉ። ከውሃው ጋር የጥጥ ብናኝ ይወርዳል፣ በኤክስቼንጀሩ ፕሌቶች፣ ማለትም ሙቀቱን በሚያስተላልፉት ስስ ብረቶች፣ መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ ጠባብ ነው። ባለሙያዎቹ አብረዋቸው ወርደው አዩ። ከዚያ ንድፉን ቀይረው ራሱን የሚያጸዳ ፊልተር ከፊቱ አስገቡ። ለእኔ ትብብር ማለት ያቺ ሰዓት ናት። ስብሰባ ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ሲወራ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

የማሽኑን ገንዘብ ያገኘነው ከባንክ ነው፤ የሦስት ወሩ መዝገብ እዚህም ረዳን።

የተሳሳትነው ውሉ ላይ ነው። ዋጋና የማስረከቢያ ቀን ላይ ስንከራከር ሌላውን ዘነጋን። በስድስተኛው ወር አንድ ሴንሰር ተበላሸ። መለዋወጫው ቀላል ነበር፣ ነገር ግን መቆጣጠሪያው በአቅራቢው የይለፍ ቃል ተቆልፏል። ሰው እስኪልኩልን አምስት ሳምንት ያ ሁሉ ሙቀት እንደ ድሮው ፈሰሰ። ቴክኒሻኖቻችን ችግሩን ያውቁታል፣ እጃቸው ግን ታስሯል። በጣም ያሳዝን ነበር።

አሁን ለሁለተኛው መስመር እየተደራደርን ነው። በየፈረቃው ሁለት ሰው እንዲሠለጥን፣ ማኑዋሉ በራሳችን ቋንቋ እንዲሆን፣ የይለፍ ቃሉም በርክክቡ ቀን እንዲሰጠን ውሉ ላይ አስፍረናል። ዋጋው ላይ የደረስነው ከእነዚህ በኋላ ነው።