ከዳሞታ ሥር ያሳለፍኩት ሰንበት

ወደ ወላይታ ሶዶ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ካረፈ ወዲህ መዘመር አቅቶኝ ነበር። ስሜ ከመዘምራን ዝርዝር አልወጣም፣ ልምምድም አልቀርም፤ አፌን ስከፍት ግን ድምፅ አይወጣም። አብራኝ የምትሠራ የሶዶ አካባቢ ልጅ ይህን ስታይ ከርማ፣ አንድ ቀን ቡና ላይ "እኛ ቤት ሂጂና አባቴን አግኚው" አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብላ ደወለችላቸው። እሳቸውም "ለሰንበት ትድረስ" አሉ፤ በዚሁ ተወሰነ።

በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳል የተባለው ሚኒባስ እስኪሞላ 2 ሰዓት አለፈ። ረዳቱ ታሪፉን ከተቀበለኝ በኋላ ለሻንጣዬ 200 ብር ጨምሪ አለኝ። ሻንጣው ጣራ ላይ አልወጣ፣ የሰው ቦታ አልያዘ፤ እግሬ ሥር ነው። ብከራከረው "እህት፣ ካልተመቸሽ ውረጂ" አለኝ፤ ከፈልኩ። ገንዘቡ ሳይሆን አነጋገሩ ነው ያቃጠለኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነገሩን ሰምተው ምንም ሳይሉ ከዘንቢላቸው ሁለት ሙዝ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ እስከ ሆሳዕና ድረስ በፈገግታ ብቻ ነው የተጫወትነው።

ከሆሳዕና በኋላ ያለውን ቀሪ መንገድ ተኝቼ ነው ያለፍኩት።

ሶዶ ስንደርስ መሽቷል፤ ዝናቡም ያወርደዋል። የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦች ያሉት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ "በዚህ ጭቃ አንገባም" ስላሉኝ መናኸሪያው አካባቢ 600 ብር ከፍዬ አልጋ ያዝኩ። ያ ሌሊት ባይነሳ ይሻላል። ውሃ የለም። ሙዚቃው ከሥር ካለው ግሮሰሪ ወለሉን አልፎ እግሬ ድረስ ይመጣል። ቁንጫው ደግሞ እንግዳ ሲጠብቅ የከረመ ይመስላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬ ላይ የያዕቆብን መልእክት ከፈትኩ፤ "ልዩ ልዩ ፈተና ሲደርስባችሁ እንደ ሙሉ ደስታ ቍጠሩት" ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጥቅስ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አስቆጣኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምቆጥረው? ወንድሜ በ34 ዓመቱ፣ ሁለት ልጆች ትቶ ሄዷል። ምኑን ከምን ደምሬ ደስታ ልበለው?

እኛ ጋ፣ አዲስ አበባ፣ ፈተና እንደ ነውር ነው የሚታየው። ሥራ የፈታ ሰው እሑድ ሲመጣ ከኋላ ይቀመጣል። የታመመው ምስክርነት ይዞ እስኪመለስ ድረስ ድምፁን ያጠፋል። ወንድሜን ቀብረን በሳምንቱ አንዲት እህት እጄን ይዛ "አታልቅሺ፣ አማኝ አይደለሽም እንዴ?" ብላኛለች። በቅን ልብ እንዳለችው አውቃለሁ። ሆኖም ከዚያን ቀን ጀምሮ እንባዬን ዋጥኩት፤ ዝማሬውም አብሮ የተዋጠ ይመስለኛል።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ዳሞታ ራቁቱን ወጣ። ሶዶ ከተማ ያለችው በዚህ ተራራ ግርጌ ነው፤ የትም ሆነው ቀና ቢሉ እሱን ያያሉ። ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወስዶ ጣለኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ ነው፤ ማሳው ትንንሽ፣ ቤቱ ጥቅጥቅ ያለ። ወላይታ በአገራችን እጅግ ብዙ ሰው በጠባብ መሬት ላይ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ እንደሆነ ባውቅም፣ ከአንዱ ደጅ ስወጣ ሌላው ደጅ ላይ መሆኔ ነው በትክክል ያስረዳኝ። መንገድ በጠፋብኝ ቁጥር "የእገሌን ቤት" ስል ሕፃናት ተሻምተው እየመሩ አደረሱኝ።

ደጃፉ ላይ የጠበቁኝ የባልደረባዬ እናት፣ እማማ፣ ናቸው። ሰላምታውን ገና ሳንጨርስ ጭቃ የያዘውን ጫማዬን አይተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ሲመለሱ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘዋል። "እማማ፣ ተዉ፣ እኔው እታጠባለሁ" ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ጎንበስ ብለው እግሬን ያዙ። ጣቶቻቸው በአርትራይተስ ይመስለኛል ተጣመዋል፤ አውራ ጣታቸው ብቻ ነው ቀጥ የሚለው፤ በእሷ ጭቃውን ከጣቶቼ መሃል አንድ በአንድ አወጡት። ተረከዜን ሲያሹ በወላይትኛ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። ልጃቸው "እየጸለየችልሽ ነው" አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአሥር ዓመት ጎረቤቴ እንዲህ ነክታኝ አታውቅም።

አባባ ሰማንያ ተጠግተዋል፤ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ የተማሩት እስር ቤት ነው። ታሪካቸውን ከራሳቸው አይጀምሩም፤ ከአባታቸው ነው የሚጀምሩት።

የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ ወንጌላውያን ድርጅት ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ሲደርሱ ሐሳባቸው ወደ ጅማ መሄድ ነበር፤ ዛሬ ኦቶና የሚባለው ሆስፒታል ያለበት ቦታ ላይ ተተከሉ። ወንጌል ሰበኩ፣ ሕሙማን አከሙ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ደክመው የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በ1929 ጣሊያን አስወጣቸው። እንግዲህ 48 ሰው፣ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች በእጃቸው፣ አብዛኛው ማንበብ የማይችል። የሄዱትም ሚሽነሪዎች ይህች ቤተ ክርስቲያን ትተርፋለች ብለው ለመናገር አልደፈሩም። ከዚያ መከራው መጣ። ጸሎት ቤቶች ፈረሱ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ በአለንጋ ተገረፉ፤ በግርፋቱ የሞቱ አሉ። ዋንዳሮ የተባሉት መሪ በሕዝብ ፊት ተገርፈውም፣ ታስረውም መስበካቸውን አልተዉም። የአባባ አባት ከተገረፉት ውስጥ ናቸው።

"ጀርባው ላይ የተኛበትን ቀን አላውቅም" አሉኝ አባባ። "ሕፃን ሆኜ ሸንተረሩን በጣቴ እከተለው ነበር። ሲያመው ያማል፤ አላመመኝም ብሎ ዋሽቶ አያውቅም። እናቴ ቅቤ ስትቀባው ያቃስታል፣ ወዲያው እዚያው እያቃሰተ ይዘምራል።"

በዚያን ዘመን እስረኛን የሚቀልበው ዘመዱ ነው። ምእመናኑ ለታሰሩ ወንድሞቻቸው ስንቅ ይዘው ሲጎርፉ ምግቡ ተርፎ ዘመድ የሌለውን እስረኛ ሁሉ ያጠግብ ጀመር። ሌባውም፣ ነፍሰ ገዳዩም ከእነሱ ቆጮ በላ። "እነዚህ ሰዎች ምንድን ናቸው?" ተባለ። ጣሊያን ተባርሮ ሚሽነሪዎቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው አማኝ 10,000 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ። ቆጮው ከወጣበት ማሳ አጠገብ፣ የዚያ የተገረፈ ሰው ልጅ ፊቴ ተቀምጠው ሲናገሩት ስሰማው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

በደርግ ጊዜ ተራው የራሳቸው የአባባ ሆነ። አጥቢያቸው ታሸገ። ደቦ ነው ብለው እርሻ ላይ፣ ለቅሶ ነው ብለው ሐዘን ቤት ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ተይዘው ታሰሩ፤ ስለ እስሩ ብዙ አላወሩኝም፤ "ፊደል ቆጥሬበት ወጣሁ" ብቻ ነው ያሉት።

የዛሬው መከራቸው ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። የመጨረሻው ወንድ ልጃቸው፣ እንደ አካባቢው ብዙ ወጣት፣ ደላላ አግኝቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሳ። ሞያሌን አለፈ፣ ከኬንያ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ደወለ። ማላዊ ገባሁ ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ዓመታት አልፈዋል።

ማታ ቡናው ሲያልቅ የቤቱ ሰው ሁሉ ለጸሎት ተቀመጠ። እማማ ስለ ልጃቸው መጸለይ ጀመሩ፤ ጸሎቱ ሳይጋመስ እንባው መጣ። ዝም ያለ እንባ አይደለም፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሙን እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። እኔ ቶሎ ተነስቼ ላቅፋቸው፣ "አይዞዎት" ልላቸው ስል አባባ በእጃቸው ቁጭ በይ አሉኝ። ማንም አላቋረጣቸውም። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ረጅም ጊዜ አለቀሱ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉና፣ ያው እንባ የሰበረው ድምፅ ሳይስተካከል፣ መዝሙር አነሱ። አባባ ከሥር ተቀበሏቸው፤ ልጆቹ ተከተሉ። ከቃላቱ የለየሁት "ዬሱሳ" የሚለውን ብቻ ነው። እማማ ሲዘምሩ ፊታቸው በርቷል፤ ያ ፊት ከአምስት ደቂቃ በፊት የነበረው ያው ፊት ነው፤ እንባው እንኳ አልደረቀም።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ወይ እናለቅሳለን፣ ወይ እንዘምራለን፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አድርገናቸው አናውቅም።

መዝሙሩ ሲያልቅ አባባ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ የወንድምሽ ስም ማን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ምን ይወድ ነበር?" አሉ። ኳስ፣ ፉል፣ የልጆቹን ፀጉር ራሱ መቁረጥ። ሳወራላቸው ቆየሁ። ከዚያ አይተውት ስለማያውቁት ሰው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ስለ ኳሱም፣ ስለ ፀጉር አቆራረጡም። ከቀብሩ ወዲህ እኛ ቤት ስሙን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም፤ ልቤ እንዳይነካ ብለው ይተዉታል። እኔም ያን ማታ እንደ እማማ አለቀስኩ፤ ማንም "በቃሽ" አላለኝም።

እሑድ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ቆርቆሮ ክዳን፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ፣ ከአቅሙ በላይ የሚጮህ ስፒከር፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረው ፕሮግራም እስከ 7 ሰዓት ተኩል ቆየ። ወገቤ ተቀንጥሷል፤ ይህን መደበቅ አልችልም። ከሁሉ የወደድኩት ግን መባውን ነው። ገንዘብ የሌለው በቆሎ፣ እንቁላል፣ ዶሮ ይዞ ይመጣል፤ በኋላ እዚያው ደጅ ላይ ለጨረታ ይቀርባል። እማማ ያመጡት በቅጠል የተጠቀለለ ጎደሬ ነበር፤ 50 ብር ተብሎ ተጀምሮ አንድ ወጣት በ400 ገዛው፤ ገዝቶም መልሶ ለእሳቸው ሰጣቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ። የዚያ ወጣት ወንድም ከልጃቸው ጋር አብሮ የወጣ መሆኑን የሰማሁት ወደ ቤት ስንመለስ ነው። እሱም አልደወለም።

ዘመርኩ። በማላውቀው ቋንቋ፣ ግጥሙን ከአጠገቤ ካለችው ልጅ አፍ እየቀዳሁ፣ ዜማውን እየሳትኩ ዘመርኩ። ያዕቆብን አሁንም ገብቶኛል አልልም፤ ግን እነዚህን ሰዎች ካየሁ በኋላ "ደስታ" ሲል ጥርስ ማሳየትን እንዳልፈለገ እርግጠኛ ነኝ።

ስመለስ አባባ ገንዘብ አልቀበልም ብለው ተቆጡኝ። በተቃራኒው እኔን ጫኑኝ፤ ግማሽ ጆንያ ስኳር ድንችና በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ ዳጣ። የመመለሻው ሚኒባስ ረዳት ጆንያውን ጣራ ላይ ሰቅሎ ምንም አልጠየቀኝም፤ ስጠይቀው "የአባባ እንግዳ አይደለሽ?" አለኝ፤ ከየት እንደሚያውቃቸው አልገባኝም። ዳጣው ኃይለኛ ነው፤ እኛ ቤት የቻለው ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር።

ለመስቀል የወንድሜን ልጆች ይዤ እንድመጣ አዘውኛል። ትልቁ ከአሁኑ "አባዬን ያውቁታል እንዴ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ "አዎ፣ ኳስ እንደሚወድ ያውቃሉ" እለዋለሁ። ሳምንት በሳምንት እደውልላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማላዊው ልጅ ነው። እስካሁን ወሬው የለም።