ድርቅ የመታቸው በሬዎች

ስልኩ የተደወለልኝ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ እየጠበቅኩ ነው። ደዋይዋ ትርጉም ካሠራኝ መሥሪያ ቤት ናት። ሳቋን አፍና ነው የምታወራው።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚህ በሬዎች ድርቅ የመታቸው ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያርሱት በምን አቅማቸው ነው?»

ምን እያለች እንደሆነ አልገባኝም። ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩት። ስለ እርሻ ከብት አያያዝ የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መለስኩት፣ በገጽ ተከፈለኝ፣ ብሩም አልቋል። ርዕሱ ላይ በደማቁ የጻፍኩት «በድርቅ የተጎዱ እንስሳትን በአግባቡ ስለመጠቀም» የሚል ነው። የተጎዳን እንስሳ በአግባቡ መጠቀም! ይሄን ጽፌ እንቅልፍ ወስዶኛል።

የእንግሊዝኛው ቃል በዲ አር ይጀምራል፣ በዩ ጂ ኤች ቲ ያልቃል። በዜና ስለ ድርቅ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ሌላ ምን ያስባል? ጠጋ ብዬ ሳየው ግን መሃሉ ላይ ያለችው ፊደል ኦ አይደለችም። ኤ ናት። በኦ ሲጻፍ «ድራውት» ይባላል፣ ድርቅ ነው። በኤ ሲጻፍ ግን የሚነበበው «ድራፍት» ተብሎ ነው። አዎ፣ ያው በጃምቦ የምንጠጣው ድራፍት። በሬና ቢራ አንድ ቃል ውስጥ ምን ይሠራሉ?

መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባሁ። የገባሁት ግን ወደ ባሰ ነገር ነው። የበርሜል ቢራ። በመስኮት ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ። አንድ ጉንጭ መጠጥ። መርከብ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅበት ልክ። ዳማ። በዚህ ላይ ያው ቃል በኤፍ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ የደብዳቤ ረቂቅ፣ የባንክ ድራፍት፣ ለውትድርና መመልመል። ሁሉንም ደብተር ላይ በዝርዝር ጽፌ ሦስት ቀን ሸመደድኩ። በአራተኛው ቀን መርከቡና ዳማው ተምታቱብኝ። እኔ ትምህርት ቤትም ሽምደዳ አልሆነልኝም ነበር።

ቃሉን ያስተማሩኝ የጊቢያችን ዘበኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛ አንድ ፊደል አይቆጥሩም። ድሮ ገበሬ ነበሩ። ኮንዶሚኒየማችን የቆመው እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ እንደሆነ አንዳንዴ ያነሳሉ፤ እኔም ያኔ ወሬ እቀይራለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ገና ግንባታ ያልደረሰበት ማሳ አለ። ሰኔ ላይ የወንድማቸው ልጅ ሲያርስ አብረን ቆመን እናይ ነበር። ጥቁሩ አፈር ማረሻው ላይ እየተለጠፈ አስቸግሮታል። በሬዎቹ አንገታቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር ያሰረው ምራን ተወጥሮ ሲጥ ይላል። ጥቂት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ልጁ ጅራፉን ያጮኸዋል፣ እንደገና ምራኑ ሲጥ።

«ጋሼ፣ እነዚህ በሬዎች ጎበዝ አራሾች ናቸው» አልኳቸው፣ ወሬ ለማሳመር።

«በሬ አያርስም ልጄ» አሉኝ። «በሬ ይስባል። የሚያርሰው ሰውዬው ነው።»

ይስባል! ደብተሬን ለማየት ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ መሳብ፣ መጎተት ነው። ቢራው ከበርሜል ተስቦ ይወጣል። ጉንጩም በአንድ ስበት የሚገባ መጠጥ ነው። መርከቧ ይህን ያህል ሜትር ውሃ «ትስባለች» ይላሉ። ዳማ ላይ ጠጠሯን ከቤት ወደ ቤት መሳብ፣ ማለትም አንድ ተራ መጫወት፣ በድሮው አነጋገር በዚሁ ቃል ነበር የሚጠራው። ረቂቁስ? እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሳብ መስመር ይሆናል፤ ፕላን የሚያነሳውን ሰው ድራፍትማን የምንለው ከዚያው ነው። ምልምሉም ከሕዝቡ መሃል ተስቦ የወጣ ነው። ነፋሱን በጣም ወደድኩት። ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ብለን የምንጣላበት ያ ቀጭን ነፋስ በእንግሊዝኛ የራሱ ስም አለው ለካ።

አጻጻፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካኖች ተገላግለዋል፣ ሁሉንም በኤፍ ይጽፉታል፤ ዳማን እንደሆነ ከነጭራሹ በሌላ ስም ነው የሚጠሩት። እንግሊዞች ቢራውን፣ ነፋሱን፣ ከብቱን፣ መርከቡንና ዳማውን በጂ ኤች፣ ረቂቁንና የባንኩን በኤፍ ይጽፋሉ። እኔ የያዝኩት በጨዋታ ነው፤ ወረቀት ከሆነ ኤፍ። ድራፍትማን ላይ ብቻ ይሄ አይሠራም። ሥራው ወረቀት ላይ ሆኖ ሳለ እንግሊዞቹ በጂ ኤች ነው የሚጽፉት።

ጂ ኤች ድሮ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ወደ ኸ የሚጠጋ ድምፅ ነበረው። ድምፁ ሲሞት ፊደሉ ቀረ። አንዱ ቃል ላይ ኤፍ ሆኖ ይነበባል፣ ሌላው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን ሳነብ እንግሊዞችን ልሳደብ ነበር። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ ትዝ ሲሉኝ አፌን ያዝኩ። ልጄ «ፀሐይ» በየትኛው እንደሚጻፍ ስትጠይቀኝ የምመልስላት ድምፁን ሰምቼ አይደለም።

ድርቅም የራሱ ታሪክ አለው። በኦ የሚጻፈው ቃል የመጣው ደረቅ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ልክ የእኛ ድርቅ ከደረቀ እንደወጣው። በኦና በኤ የሚጻፉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት አይዛመዱም፣ መልካቸው ብቻ ተቀራረበ።

ትርጉሙን በነፃ ላስተካክል ቃል ገባሁ። «ሳቢ እንስሳት» ልል ነበር፤ ግን ሳቢ ስንል ቆንጆ ማለታችን ነው፣ በሬዎቹን ሌላ ሐሜት ውስጥ መክተት ሆነብኝ። በመጨረሻ «ጎታች እንስሳት» አልኩ። ሌሊት ነው፣ ደክሞኛል። ኮምፒውተሩን «ድርቅ» የሚለውን ሁሉ ፈልገህ «ጎታች» አድርገው አልኩት። አደረገው። ላኩላት።

በነጋታው ደወለች። ያሁኑን ሳቋን ለማፈንም አልሞከረችም። ጽሑፉ ውስጥ በኦ የሚጻፈው ድርቅም ነበረ ለካ፣ ስለ መኖ በሚያወራው ምዕራፍ።

«‹ገበሬው ለጎታች ወቅት የሚሆን ድርቆሽ ያከማቻል› ይላል» አለችኝ። «ጎታች ወቅት ደግሞ መቼ ነው?»