ለልጄ ችፌ ብዬ ምግብ የከለከልኩባቸው 8 ወራት

ልጄን ችፌ የጀመረው በ4 ወሩ ነው። ጉንጩ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ወደ ክርኑና ጉልበቱ እጥፋት ሄደ። የቆዳ ማለስለሻና ብግነት የሚቀንስ የስቴሮይድ ቅባት ታዘዘለት፣ ለውጥም ነበረው።

ነገር የተበላሸው ዓመት ሲሞላው በተደረገለት የደም ምርመራ ነው። ከአለርጂ ጋር የተያያዘው፣ አይጂኢ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለወተት፣ ለእንቁላልና ለስንዴ ደግሞ "ፖዘቲቭ" ተባለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና "ሁሉንም አቁሙ" አለን። ልጁ እነዚህን ሲበላ ምን ይሆናል ብሎ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። እኔም አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። እንቁላል በልቶ አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም ነበር እኮ! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

8 ወር ሙሉ ከለከልነው። ክብደቱ መጨመር አቆመ። ጥፋቱ የምግብ ነው ብዬ ስላመንኩ ቅባቱን ችላ አልኩት፣ ችፌውም ጭራሽ ባሰበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድር ነበር።

በኋላ ያገኘናት ስፔሻሊስት ናት በትዕግሥት ያስረዳችኝ። ችፌ ያለባቸው ብዙ ልጆች የሰውነት መከላከያቸው ወደ አለርጂ ያዘነበለ ስለሆነ አይጂኢያቸው ከፍ ይላል። ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች ይበዙና ቆዳው ራሱን የሚጠብቅባቸውን ፕሮቲኖች ያዳክማሉ፤ ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያም እዚያው ይሰፍርና ብግነቱን ያባብሰዋል። "ፖዘቲቭ" ማለት ብቻውን ልጁ ምግቡን አይችልም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሲበላው የኖረውን ምግብ መከልከል ሰውነቱ የለመደውን እንዲረሳ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ምርመራ ሲታዘዝ "የትኛውን ምግብ በልቶ ምን ስለሆነ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የስቴሮይድ ቅባቱ ላይ "በስሱ ይቀባ" የሚለውን ጽሑፍ እኔ አልወደውም፣ ወላጅን ያስፈራል። የሚሻለው መለኪያ ይሄ ነው፦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የአዋቂ ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ስፋት ላለው ቆዳ ይበቃል። ሳንባ ምች ወይም መግል የያዘ እባጭ የሚመላለስበት ልጅ ከሆነ ግን የመከላከያ አቅሙ በደንብ ይመርመርልኝ ብላችሁ ድርቅ በሉ። ትኩሳት ኖሮት ተመሳሳይ ትናንሽ ውሃ ቋጠሮዎች ድንገት ከወጡበት ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዱት።

ምግቦቹን የመለስነው ሆስፒታል ውስጥ፣ ሐኪም አጠገባችን ቆማ ነው። ወተቱና ስንዴው በሰላም አለፉ። እንቁላሉን ግን ገና ቀመስ ሲያደርገው ከንፈሩ አበጠ።