ሪፍሌክተሩ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ

የሬዲዮ ጣቢያችን አንቴና ወደ አውሮፓ እንዲያይ ነው የተፈለገው። ከባሕር ዳር አውሮፓ በኮምፓስ 334 ዲግሪ ግድም ነው፤ ጣናን ተሻግሮ። የመሥሪያ ቤቱ በጀት ለ40 ሜትር ባንድ (ሞገዱ 40 ሜትር ግድም ለሚረዝመው የሬዲዮ ክልል) የአልሙኒየም አንቴና ከነምሰሶው፣ ከነማዞሪያ ሞተሩ የሚገዛ ስላልነበረ፣ ሐይቁ ዳር ላለው ጣቢያ ሁለት ሽቦ ይበቃል ተባለ።

የግማሽ ሞገድ ሽቦ ማስያ የሆነው 142.6 ለጣቢያው ሞገድ፣ ለ7.1 ሜጋኸርዝ፣ ሲካፈል 20.1 ሜትር ይሰጣል፤ ከሬዲዮው የመጣው ኬብል የሚገባበት ዋናው ሽቦ፣ ዳይፖሉ፣ ይህ ነው። ከኋላው 6 ሜትር ርቆ፣ 5 በመቶ የሚረዝም 21.1 ሜትር ሪፍሌክተር፣ ማለትም ሞገዱን ወደ ፊት የሚመልስ ሽቦ። ሁለቱም ራቁት መዳብ፤ ፕላስቲክ የለበሰ የቤት ሽቦ ቢሆን ከ2 እስከ 3 በመቶ ማሳጠር ነበረብን። ኬብሉ ዳይፖሉ ሥር 10 ዙር ተጠቅልሎ ታሰረ፤ አለዚያ የኬብሉ ቆዳ ራሱ አንቴና ይሆናል። ከፍታው 12 ሜትር ነው። 21 ቢሆን ይመረጥ ነበር፤ ባሕር ዛፎቹ ግን ከዚያ በላይ አላስወጡንም።

ስሌቱን የሠራው አዲሱ ኢንጂነር ነው፤ በኮምፒውተር፣ እስከ ሴንቲሜትር። «ከፊታችን ውኃ መኖሩም ይጠቅመናል» አለ። የሚጠቅመው የባሕር ጨዋማ ውኃ ነው፤ የጣና ጨው የለበትም። ማንም አላረመውም።

ኤስ ደብሊው አሩ፣ ማለትም ከአንቴናው ተመላሽ ኃይል እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር (1 ሲሆን ምንም አይመለስም)፣ 1.6 ሲወጣ ሁሉም ደስ አለው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሬዲዮው ተከፈተ። አውሮፓ ከጫጫታው ሥር ተቀብሯል። ሞሪሸስ ግን አጠገባችን ወንበር ስቦ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ሞሪሸስ 148 ዲግሪ ላይ ናት፤ ጀርባችን ማለት ነው።

ኢንጂነሩ «ፕሮፓጌሽን ነው» አለ፤ የሞገዱ የሰማይ ላይ አካሄድ ማለቱ ነው። ለማይገባን ነገር ሁሉ ፕሮፓጌሽንን ነው የምንጠራው።

በማግስቱ ጋሼ መጡ፤ ከሁላችንም የቆዩት ቴክኒሻን። ሜትሩን አላዩትም፣ ወደ ላይ ነው ያዩት።

«ልጄ፣ የኋለኛው ሽቦ ስንት ነው?»

«21 ከ10 ነው ጋሼ።»

«እሱማ ሲቆረጥ ነው። ተሰቅሎ ስንት ነው?»

ኢንጂነሩ ዝም አለ። ሽቦውን የሰቀለው የቀን ሠራተኛ ተጠራ። የኋለኞቹ ሁለት ዛፎች ስለሚቀራረቡ ሽቦው አልገባ ሲለው፣ በየጫፉ 70 ሳንቲሜትር መልሶ ራሱ ላይ ጠምዝዞታል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። «መዳብ ተቆርጦ ይጣላል እንዴ ጌታዬ?» አለ።

ራሱ ላይ የተጠመዘዘ ሽቦ ለሞገዱ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሪፍሌክተራችን 19.7 ሜትር ሆኖ ከዳይፖሉ አጥሯል። ዳይፖሉ ከተሰቀለ በኋላ በሜትር እየታየ ተስተካክሏል፤ ሪፍሌክተሩን ግን ኬብል ስለማይገባበት ማንም አልለካውም። ከዳይፖሉ የረዘመ ሽቦ ሞገዱን ወደ ፊት ይገፋል፤ ያጠረ ወደ ራሱ ይስባል፣ ስሙም ዳይሬክተር ይሆናል። አጥሮ ዳይሬክተር መሆን በእኛ መሥሪያ ቤት ብርቅ አይደለም። ኤስ ደብሊው አር ሜትር ደግሞ ኃይሉ አንቴናው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ እንጂ ወደየት እንደሄደ አይናገርም።

ዛፍ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም ነበር። ጥምዝዙ ተፈትቶ ጭራው በየጫፉ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ የተንጠለጠለው ከርዝመቱ ይቆጠራል። ማታ አውሮፓ ወጣ፣ ሞሪሸስ ዝቅ አለች። ከሁለት ሽቦ የፊትና የኋላ ልዩነት ከ10 ዲሲቤል (የሞገድ ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ብዙም አይጠበቅም፤ እሱ ግን ለጆሮ በቂ ነው። ጋሼ የሪፍሌክተሩ ገመዶች በፑሊ እንዲያልፉ አደረጉ። አሁን ሞሪሸስን የፈለገ ገመዱን አውርዶ ሁለቱን ጭራዎች ይጠመዝዛል፣ አውሮፓን የፈለገ ይፈታል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በወሩ ሪፖርት ላይ «በዲዛይን ሁለት አቅጣጫ እንዲመርጥ የተደረገ አንቴና» የሚል ተጽፎ መጣ፤ ከሥሩ የኢንጂነሩ ፊርማ አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«70 ሳንቲሟንም በኮምፒውተር ነው ያገኛት?»